ነቅንቄ የመረጥኩት ዘንግ

ስቶክሆልም ውስጥ አንዲት ትንሽ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ውስጥ እሠራለሁ። ከፊት ሱቅ ነው፤ ከኋላ ጠባብ ወርክሾፕ አለን። እዚያ ለደንበኛ በልኩ ዘንግ እንሠራለን። ዋናው አካል ከፋብሪካ ተሠርቶ ነው የሚመጣው። ባዶ የካርቦን ፋይበር ዘንግ ነው፤ በሙያው ብላንክ ይባላል። እጀታውን፣ የሪሉን (ክሩ የሚጠቀለልበትን መዘውር) መቀመጫና ክሩ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች የምንገጥመው እኛ ነን።

ያደግኩት ሐዋሳ ነው። ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ስናጠምድ ዘንግ የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። ናይለን ክርና መንጠቆ ብቻ። ዓሣው ሲጎትት ጣታችን ላይ ይሰማናል፤ ለቀቅ እናደርግለታለን። ሲደክም እንስባለን። ያኔ ዘንጉ ክንዳችን ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ያስታወሱኝ አንድ የስዊድን አዛውንት ናቸው።

ሰውየው ጡረተኛ ናቸው። እዚህ አገር ትልቅ ትንሹ «አንተ» ነው የሚባባለው። እኔ ግን በልቤ አንቱ ነው የምላቸው። ትንሽ ጀልባ አላቸው። መከር ሲገባ ከከተማው ወጣ ብለው ደሴቶቹ መሃል ፓይክ ያጠምዳሉ። ፓይክ ረጅም ዓሣ ነው፤ አፉ እንደ ዳክዬ ምንቃር ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ ጥርሱ መርፌ ነው። ስዊድኖች ዬዳ ይሉታል። ሣር ውስጥ ተደብቆ ይቆይና እንደ ጥይት ይወረወራል። ክሩን በጥርሱ እንዳይበጥስ ጫፉ ላይ ሽቦ ይታሰራል።

«የእጄ አንጓ ያመኛል። የድሮው ዘንጌ ከብዶኛል። ቀለል ያለ ሥራልኝ» አሉኝ።

«ምን ያህል ክብደት ነው የሚወረውሩት?»

«ከእንጨት የተሠሩ የውሸት ዓሦች። ከ35 እስከ 50 ግራም።»

መደርደሪያው ላይ አዲስ የመጣ ብላንክ ነበረ። ርዝመቱ 2.40 ሜትር። ላዩ ላይ ከ40 እስከ 130 ግራም የሚል ተጽፎበታል። አንስቼ ነቀነቅኩት። ወዲያው ተወዛወዘ፣ ወዲያው ቆመ። ላባ ነው። ልቤ ወደደው። ለሰውየውም ሰጠኋቸውና እሳቸውም ነቀነቁት፤ ፈገግ አሉ። 50 ግራም ከ40 እስከ 130 ባለው ውስጥ ይገባል። ቀላልም ነው። ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ብላንኩን መረጥኩ።

ብላንክ በጣም የሚቀለው ብዙ ጊዜ ክሮቹ እጅግ ግትር ከሆነ ካርቦን ስለሚሠሩ ነው። ግትር የካርቦን ክር በትንሽ መጠን ብዙ ግትርነት ይሰጣል፤ ስለዚህ ግድግዳው ይሳሳል፣ ክብደቱ ይወርዳል። ግን ምት አይወድም። ጀልባው ጠርዝ ላይ ቢጋጭ ወይም ከባድ የውሸት ዓሣ እየበረረ ቢመታው ሳያስታውቅ ይጎዳል፤ ሌላ ቀን ነው የሚሰበረው። ይህንን አውቅ ስለነበር ሰውየውን አስጠነቀቅኳቸው። የጎዳን ግን ሌላ ነገር ነው።

ሥራውን በጥንቃቄ ነው የሠራሁት። የቡሽ እጀታ አደረግኩለት። ቀለበቶቹን በክር ጠምጥሜ ኤፖክሲ የሚባለውን፣ ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ ቀባሁ። ኤፖክሲው ወደ አንድ ጎን እንዳይወርድ በሞተር እየዞረ አደረ። ሰውየው በደስታ ይዘውት ሄዱ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ዓሦቹ ይወድቃሉ» አሉኝ። ሰባት ፓይክ ነክሶላቸው ጀልባው ጋ የደረሱት ሁለት ናቸው። «አንጓዬም ብሶበታል።»

ቀላል ዘንግ ይዘው እንዴት ይብስባቸዋል? ግራ ገባኝ። አለቃዬ ከኋላ ሆኖ ይሰማ ነበር። «የድሮው ዘንግህ ጀልባህ ላይ ነው?» አላቸው። መኪናቸው ውስጥ ነበር፤ አመጡት።

አለቃዬ ሁለቱንም ዘንጎች ጠረጴዛው ላይ በማሰሪያ አግድም አሰረ። የእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንጠለጠለ። ከዚያ ውኃ ማፍሰስ ጀመረ። ጫፉ የዘንጉን ርዝመት አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 80 ሴንቲሜትር እስኪወርድ ያፈሳል፤ ከዚያ ጠርሙሱን ሚዛን ላይ ያደርጋል። የድሮው ዘንግ 430 ግራም ላይ ወረደ። የእኔ 840 ሲደርስ ነው የወረደው። እጥፍ ማለት ነው።

(ዘዴው የእኛ ሱቅ ፈጠራ አይደለም። ቢል ሃነማን የሚባሉ አሜሪካዊ ለፍላይ ዘንግ (የነፍሳት አምሳያ ለሚወረወርበት ቀጭን ዘንግ) ያወጡት ነው። እሳቸው የለኩት በሳንቲም ነው፤ ከ1982 እ.ኤ.አ. በኋላ የተመታው የአሜሪካ አንድ ሳንቲም 2.5 ግራም ይመዝናል። ውኃም ያው ሥራ ይሠራል።)

ሁሉም ነገር ያኔ ገባኝ። ዘንግ ስትወረውር መታጠፍ አለበት። ታጥፎ ሲመለስ ነው የውሸት ዓሣውን የሚወረውረው። የእኔ ዘንግ በ50 ግራም ጫፉ ብቻ ነው የሚነቃነቀው፤ ወገቡ ተኝቷል። ስለዚህ የውርወራውን ጉልበት በሙሉ የሚከፍለው የሰውየው አንጓ ነበር። ቀላልነቱ በአንድ ቀን የሚያተርፍላቸውን አንድ ሰዓት ሳይሞላ አስመልሷል።

ዓሣውም የወደቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ዛሬ ለፓይክ የሚጠመጠመው የተጎነጎነ ክር ነው። ጠንካራ ነው፣ ግን እንደ ናይለን አይለጠጥም። ፓይክ ጀልባው አጠገብ ሲደርስ አፉን ከፍቶ ጭንቅላቱን ይወዘውዛል። ክሩ ካልተለጠጠ ዘንጉ መከተል አለበት። ዘንጉም ካልተከተለ ክሩ ላልቶ መንጠቆው ይወጣል፤ ወይም ሥጋውን ቀድዶ ይወጣል። የሐዋሳው ጣቴ ትዝ አለኝ። ለቀቅ፣ ሳብ። እኔ ለሰውየው የሰጠኋቸው ለቀቅ የማይል ክንድ ነበር።

የተጻፈው ቁጥርስ? ከ40 እስከ 130 የሚለውን ያወጣው ፋብሪካው ራሱ ነው። ሁሉም የሚከተለው አንድ የጋራ መለኪያ የለም። የአንዱ ፋብሪካ 80 የሌላው 60 ሊሆን ይችላል። በተለይ ዝቅተኛውን ቁጥር እጠረጥራለሁ። 40 ግራም ይወረወርበታል ማለት በ40 ግራም ይታጠፋል ማለት አይደለም።

መነቅነቅም አታለለኝ። ባዶ ብላንክ ስትነቀንቀው የምታየው ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚመለስ ነው። ሲሸከም የት ጋ እንደሚታጠፍ አይነግርህም። ደግሞም ቀለበቱና ኤፖክሲው ሲጨመሩበት ጫፉ ይከብዳል፤ ያ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ሱቅ ውስጥ የወደድከው ስሜት ጀልባው ላይ አብሮህ አይሄድም።

ለሰውየው በነፃ ሌላ ሠራን። ይህኛውን ብላንክ ስመርጥ መጀመሪያ ያልኳቸው «የውሸት ዓሦቹን ሳጥን ይዘውልኝ ይምጡ» ነው። አንድ በአንድ መዘንናቸው። አንዱ 35 ነው የሚሉት 41 ሆነ። ከዚያ አራት ብላንኮች በጠርሙስ ለካሁ። 470 ግራም ላይ የወረደውን ያዝን። ከድሮው ትንሽ ጠንከር ያለ ነው፤ ሆን ብዬ ነው። በጣም ለስላሳ ዘንግ ትግሉን ያረዝመዋል። በዚህ ጠረፍ ከ75 ሴንቲሜትር በላይ የሆነ ፓይክ ወደ ውኃው መመለስ አለበት፤ ትልልቆቹ ብዙ እንቁላል የሚጥሉት እናቶች ናቸው። ደክሞ የተለቀቀ ዓሣ ደግሞ የመትረፍ ዕድሉ ይቀንሳል።

ብላንኩ ከመጀመሪያው 20 ግራም ይከብድ ነበር። ሰውየው ሲያነሱት ፊታቸው ጠቆር አለ። ቀለበቶቹን በወረቀት ፕላስተር ብቻ አጣብቄ፣ ሪላቸውን ገጥሜ፣ ክሩን አሳለፍኩና ጫፉን ይዤ «ይሳቡኝ» አልኳቸው። ሳቡ። ከጫፉ ጀምሮ እስከ ወገቡ ቀስ ብሎ ጎበጠ። ክሩን በእጄ እንደ ፓይክ ጭንቅላት ግራና ቀኝ ወዘወዝኩት። ዘንጉ ተከተለኝ። ያኔ ብቻ ነው ክር መጠምጠም የጀመርኩት።

የመጀመሪያው ዘንግ ሱቅ ውስጥ ወራት ተቀመጠ። ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ወጣት መጥቶ አንስቶ ሊነቀንቀው ሲል እጁን ያዝኩት። «መጀመሪያ የምትወረውረውን አሳየኝ» አልኩት። ከቦርሳው ክንድ የሚያህል የጎማ ዓሣ አወጣ። ሚዛኑ ላይ 115 ግራም ሆነ። ጫፉ ላይ አንጠልጥለን አየነው። ዘንጉ ወገቡ ድረስ ነቃ።