የዓይን መታጠቢያውን የፈረምሁት እኔ ነኝ

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ግቢ የኬሚስትሪ ላብ ቴክኒሻን ነኝ። የላብ ደህንነት ተደርቦ ሲሰጠኝ ከአንድ ገጽ ደብዳቤ በቀር ምንም አልተረከብሁም። ያኔ «ከሁሉ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ እይ» የሚለኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ስቶሩን ማስተካከል ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ኬሚካሎቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ስለተደረደሩ ተቀጣጣዩ አሴቶን ከአሲዶች ጎን ነበር። አሲዱን ለየሁ፤ ናይትሪክ አሲድን ለብቻው አደረግሁ። ኤተር በ35 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ከቆርቆሮ ጣሪያው ሥር አወጣሁት። የክሮሚየም ዝቃጭ ሲንክ ውስጥ እንዳይደፋ ከለከልሁ፤ ጣና አጠገባችን ነው። በዚህ ሁሉ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

የዓይን መታጠቢያው ሲተከል የፈረምሁትም እኔ ነኝ። ያን ቀን ውሃ ነበር፤ ማንሻውን ስገፋው ሁለቱም አፎች እኩል ረጩ። ቅጹ ላይ «ተተክሏል፣ ይሠራል» ብዬ ሞላሁ። በቀጥታ ከመስመሩ እንጂ ከሮቶ ጋር እንዳልተያያዘ አይቻለሁ። አይቼ አለፍሁ።

በጋ ነው፤ ሐሙስ ከሰዓት። የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እያሟሙ ነበር። ሲሟሟ በራሱ ስለሚግል እንክብሎቹ ጥቂት በጥቂት ነው ውሃ ላይ የሚጨመሩት። አንዷ ልጅ ወበቁ መነጽሯን ጉም ሲያለብስባት ግንባሯ ላይ ሰቀለችውና እንክብሉን ባንዴ ገለበጠችው። «ቲቸር፣ ዓይኔን!» ስትል ጎትቼ ወደ መታጠቢያው ወሰድኋትና ማንሻውን ገፋሁ። አየር አፏጨ፤ ከዚያ ጥቂት የዛገ ጠብታ። ውሃ ሄዷል።

ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቤዝ ነው፤ ቤዝ ደግሞ ለዓይን ከአሲድ ይከፋል። አሲድ ፕሮቲኑን ስለሚያረጋው ብዙ ጊዜ በዚያው ይገታል፤ ቤዝ ግን ስቡን እያሟሟ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። አንድ ረዳት ቦሪክ አሲድ ይዞ መጣ፤ ግድግዳችን ላይ የተለጠፈው የቆየ መመሪያ «በደካማ አሲድ አምክኑት» ይል ነበርና። ከእጁ ነጠቅሁት። ዓይን ውስጥ ኬሚካል በኬሚካል አይመከትም፤ ውሃ ብቻ ነው።

የደረሱልን ከብሎኩ ጀርባ ቡና የሚያፈሉ እናት ናቸው። ጩኸቱን ሰምተው ቢጫ ጄሪካናቸውን ይዘው መጡ። «ልጄ፣ አንተ የዓይኗን ቆብ ያዝ፣ እኔ ላንቆርቁር» አሉኝ። መታጠቢያ በደቂቃ ቢያንስ 1.5 ሊትር ለ15 ደቂቃ ማፍሰስ አለበት፤ 22.5 ሊትር ማለት ነው። ጄሪካኑ ባለ 20 ነው፤ እሱም ጎድሏል። ሲያልቅ ተማሪዎች ከየዶርማቸው በሃይላንድ እያመጡ ቀጠልን።

የግቢው መኪና በሩ ላይ ቆሟል። ሾፌሩ «ስምሪት ሳይፈረም አልወጣም» አለ፤ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሾፌሩ ምን ያድርግ፣ ቢወጣ የሚጠየቀው እሱ ነው። ያን ደንብ ያወጣው ሰው ግን ዛሬም ያንገበግበኛል። በባጃጅ፣ መንገዱን ሙሉ ውሃ እያፈሰስን ሆስፒታል ደረስን።

ዓይኗ ተረፈ፤ ኮርኒያዋ ላይ፣ ማለትም ከዓይኗ ፊት ባለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ላይ፣ ግን ጠባሳ ቀረ። ሪፖርቱ «ተማሪዋ መነጽር ባለማድረጓ» ብሎ ዘጋው። እኔ የፈረምሁትን ቅጽ አያይዤ ሮቶ ጠየቅሁ። ግዢው 7 ወር ፈጀ።

እስከዚያው ሁለት ሙሉ ጄሪካን በር ላይ አስቀመጥሁ፤ የቆመ ውሃ ራሱ ዓይን ስለሚመርዝ በየሳምንቱ ይቀየራል። መመሪያው መጀመሪያ ለኃላፊ አሳውቁ ይላል፤ እኔ መጀመሪያ ውሃ አፍስሱ እላለሁ። ውሃ በሌለበት ቀን ላብ አይከፈት፤ ካላንደር ተዛባ ብለው ቢቆጡም ዝጉት። ባለፈው ሴሚስተር ሦስት ጊዜ ዘግቻለሁ፤ ተወቅሻለሁም። የአደጋ ጊዜ ልምምዱንም በደብዳቤ ቀኑን አስታውቃችሁ አታድርጉት፤ ሁሉም ተዘጋጅቶ ሲጠብቅ ጉድለቱ አይታይም። የተፈረመ ስምሪት ደግሞ ጥበቃ ዘንድ ይቀመጥ። ይህን ለማስፈቀድ አራት ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ዘወትር ሰኞ ጠዋት ዝገቱ እስኪጠራ ማንሻውን ገፍቼ አፈስሳለሁ። ልጅቷ ዘንድሮ ለሲኒየር ፕሮጀክቷ ላብ ስትገባ ከሁሉ በፊት ወደዚያው ሄዳ ገፋችው። ውሃው መውጣቱን አይታ ነው ጋውኗን የለበሰችው።