የቃል ፈለግ ማስታወሻ፦ ፔሳሕ ወደ ፋሲካ

እስካሁን ከተመዘገቡት የበዓል ስሞች አስቸጋሪው ይሄ፣ የአይሁድ በዓል የሆነው የፔሳሕ ስም ነው። አሠራሩ እንደተለመደው ነው፦ ሦስቱን የዕብራይስጥ ተነባቢዎች (ፕ፣ ስ፣ ሕ) በየዓምዱ አስቀምጡ፤ የየቋንቋውን ቅርጽ ከሥራቸው ደርድሩ። አራተኛ ዓምድ ለመጨረሻው ድምፅ ይጨመር።

ቶሎ የሚናገረው አራተኛው ዓምድ ነው። ዕብራይስጡ በ«ሕ» ያልቃል፤ የግሪኩ «ፓስኻ»ና የጣልያንኛው «ፓስኳ» ግን በ«አ» ይጨርሳሉ። ይህች «አ» የአራማይኩ «ፓስሓ» ናት፤ ስለዚህ ቃሉ ወደ ግሪክ የገባው በአራማይክ በኩል ነው። የፈረንሳይኛው «ፓክ» ላይ «ስ» ስታጡ አትደንግጡ፤ በአናባቢው ላይ የተደፋችው ቆብ የእሷ ምልክት ናት። ሶርያኛው ደግሞ «ፔጽሓ» ብሎ «ስ»ን በ«ጽ» ይለውጣል፤ የዓረብኛው «ፊጽሕ»ም ይህንኑ «ጽ» ይዟል፤ ዓረብኛ «ፕ» ስለሌለው «ፍ» ሆነ።

አሁን ወደ ግእዙ ፋሲካ። «ካ» ወደ ግሪክ ትጠቁማለች፤ ግእዝ የራሱ «ሐ» እያለው ከአራማይክ በቀጥታ ቢወስድ ለምን ይለውጠዋል? «ፋ» ግን እምቢ ትላለች። የግሪክ «ፕ» በግእዝ የሚጻፈው በ«ጰ» ነው፦ ጳውሎስ፣ ጴጥሮስ፣ ጰንጠቆስጤ። ስለዚህ «ጳስካ» ይጠበቅ ነበር። የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም (ጥንታዊው የግሪክ ብሉይ ኪዳን) በ2ኛ ዜና መዋዕል 30 እና 35 ላይ «ፋሴክ» ይላል፤ «ፍ»ም «ክ»ም አለው። ጥሩ ፍንጭ ነው፤ ዓምዱ ላይ ግን በእርሳስ ጻፉት።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። የግሪኩ «ፓስኾ» (መከራ ተቀበለ) ድምፁ ስለሚመሳሰል ብቻ የቃሉ ምንጭ ተደርጎ ይጠቀሳል። የሰርዴሱ ጳጳስ መሊጦን በ2ኛው መቶ ዘመን እንዲህ አያይዞታል፤ ለስብከት ያምራል፣ ለዓምድ አይሆንም። የእንግሊዝኛው «ፓስኦቨር» ደግሞ ውሰት ሳይሆን ትርጉም ነው፤ ዊልያም ቲንደል በ1530 ባሳተመው የኦሪት ትርጉም ያስገባው ነው። ከሰንጠረዡ ይውጣ።

አጻጻፍ ላይ፦ የላቲን ፊደሉን አይተው «ፔሳች» የሚጽፉ አሉ። መጨረሻው «ች» አይደለም፤ «ፔሳሕ» ወይም እስራኤል ውስጥ እንደሚሰማው «ፔሳኽ» ይጻፍ። ስለ ቤተ እስራኤል በሚጽፉት ላይ ግን ፋሲካን «አታርሙት»፤ እነሱም በዓሉን ፋሲካ፣ እርሾ የሌለውን ዳቦ ቂጣ ነው የሚሉት። የአይሁዱና የክርስቲያኑ በዓል በአንድ ጽሑፍ ሲገናኙ የክርስቲያኑን «ትንሣኤ» ማለት ግርታውን ያቀላል።