የገዛ መኪናዬ ሌባ የሆንኩበት ማክሰኞ

እንጀራዬ የሰው መኪና ማቆም ነው። ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ፣ ከመሬት በታች ባለ የፓርኪንግ ጋራዥ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ለሁለት መኪና በማይበቃ ቦታ ሦስት አስገባለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሚያነበኝ ሰው «አዲስ ገብ ይሆናል» ብሎ እንዳያዝንልኝ ነው። አዲስ ገብ አይደለሁም፤ እያወቅሁ ነው የተበላሁት።

የዕረፍት ቀኔ፣ ኦፌ፣ ማክሰኞ ነው። የማክሰኞ ኦፍ ጓደኛ የለውም፣ ሁሉም ሥራ ላይ ነው፤ ፓርኩ ግን የብቻህ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ መብራት ሥር ስለምውል፣ ኦፌን ጠብቃ ፀሐይ ከወጣች ቤት መቀመጥ ኃጢአት ይመስለኛል። ያን ዕለት ፋሲካ ካለፈ ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። ፍርፍር በምሳ ዕቃ፣ ቡና በፔርሙዝ፣ አንድ ጋቢ ያዝኩና ወጣሁ። ከሰል ይዞ ሄዶ ሣር ላይ ቡና ማፍላት የሚያምረው አለ፤ ይቅርበት። ፔርሙዝን ማንም አይከስስም።

ጠዋት ናሽናል አርቦሬተም ወደሚባለው የዛፍና የአበባ መናፈሻ ሄድኩ። መግቢያው ነጻ ነው፣ መኪና ማቆሚያም ውስጡ አለ። 446 ኤከር ስለሆነ በእግር ልጨርሰው አትበሉ። አዛሊያ የሚባለው አበባ ኮረብታውን ሞልቶት ነበር። ከሁሉ የምወደው ግን ሜዳው መሀል የቆሙትን 22 ዓምዶች ነው። ድሮ የአሜሪካ ምክር ቤት የሚሰበሰብበትን ሕንፃ፣ የካፒቶልን፣ ምሥራቃዊ በር ተሸክመው የነበሩ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. 1958 ሕንፃው ሲሰፋ ተነሡ፣ ዛሬ ሰማይ ብቻ ተሸክመው ቆመዋል። ጡረታ የወጡ ዘበኞች ይመስሉኛል። ፎቶ አነሣሁና ወጣሁ። እዚያው ውዬ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ሜሪዲያን ሂል ደረስኩ፤ የሰፈሩ ሰው ማልኮም ኤክስ ፓርክ ይለዋል። እሑድ ከሰዓት ከበሮ አለ፣ እ.ኤ.አ. 1965 ማልኮም ኤክስ ከተገደለ ወዲህ የመጣ ልማድ ነው። ማክሰኞ ግን ጸጥ ያለ ነው። በ13 ገንዳ እየተቀባበለ ቁልቁል የሚወርድ ፏፏቴ ተሠርቶለታል። ከላይ ፈረስ ላይ የተቀመጠችው የፈረንሳይዋ ጀግና የጃን ዳርክ ሐውልት አለች። ይቺ ሴትዮ ሰይፏን ሰርቀዋት ሌላ ተገጥሞላታል። ይህን ወሬ ማወቄ በኋላ ጎዳኝ።

መኪናዬን ከፓርኩ ትንሽ ራቅ ብሎ ባለ ሰፊ መንገድ ላይ አቆምኩ። ምሰሶው ላይ ሦስት ምልክት ተደርድሯል። የላይኛውን አነበብኩ፣ ደህና ነው። መካከለኛው የመንገድ ጠረጋ ነው፣ ቀኑ አልነበረም። የታችኛው ቅጠል ውስጥ ገብቷል። ደንበኛ «ምልክቱን አላየሁም» ሲለኝ ስምንት ዓመት ሙሉ በሆዴ የሳቅሁ ሰው፣ ጎንበስ ብዬ ቅጠሉን አልገለጥኩም። ፎቶ ብቻ አነሣሁ። በልቼ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ዛፍ ሥር ተኛሁ። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከአገሬ ከወጣሁ ተኝቼ አላውቅም።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስመለስ መኪናዬ የለችም። በቦታዋ አውቶቡስ ያልፋል።

የከተማውን የመረጃ ስልክ ደወልኩ። ሃያ ደቂቃ ሙዚቃ ካሰሙኝ በኋላ አንዲት ሴት ታርጋዬን ጠየቀችኝና «ቶው የተደረገች (ተጎትታ የተነሣች) መኪና ሆና አልተመዘገበችም» አለች። በቃ? በቃ። የሚጎትተው ትራክ መዝግቦ እስኪያስገባ ጊዜ ይወስዳል፣ ቆይተህ ሞክር የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ሰይፍ የሚሰረቅበት ሰፈር ነው ብዬ ፖሊስ ጠራሁ። ልጅ እግር ፖሊስ መጣ፣ ጠየቀኝ፣ «ደውዬ የለችም ብለውኛል» አልኩት፣ ተሰርቃለች ብሎ መዘገበና በቁራጭ ወረቀት ቁጥር ሰጠኝ። ባለቤቴ ስደውልላት «የ2006 ኮሮላ ሰርቆ ምን ሊያደርጋት?» አለች። መስማት ነበረብኝ።

ባትሪዬ ሊያልቅ ሲል ስልክ ለመሙላት ዩ ስትሪት አካባቢ ወዳለ የሐበሻ ሱቅ ወረድኩ። በሩ ላይ አንድ የቀድሞ ታክሲ ነጂ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንዲህ የጠቆረው?»

«ጋሼ፣ መኪናዬን ሰረቁኝ።»

«እስከ ስንት ሰዓት ነበር የቆመችው?»

«አሥር ሰዓት ተኩል።»

ሳቁ። «ሰፊው መንገድ ላይ? ታዲያ ማን ይሰርቃታል! ፎቀቅ አድርገዋት ነው።»

እንዲህ ነው ነገሩ። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ፣ በነሱ አራት፣ ሰው ከሥራ ሲወጣ ሰፋፊ መንገዶች ዳር መቆም ክልክል ይሆናል። ትራኩ ሁልጊዜ የተጎተቱ መኪናዎች ወደሚቆሙበት ሩቅ ግቢ አይወስዳትም፤ አንዳንዴ ቅርብ ያለ ቀጭን መንገድ ላይ ጥሏት ወደ ሌላዋ ይሮጣል። ጋሼ በትራቸውን ይዘው አብረውኝ ተነሡ። ሦስተኛው መንገድ ላይ አገኘናት፣ የፊት ጎማዋ ተጣሞ፣ መጥረጊያዋ ሥር ቲኬት ተሰክቶ። ከደስታዬ የተነሣ ኮፈኗን ዳበስኩ። በሩን ከፍቼ ልገባ ስል በትራቸውን ደረቴ ላይ አደረጉ።

«ተሰርቃለች ብለህ አስመዝግበሃል አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ቁልፉን እንዳታዞር። አሁን ሌባው አንተ ነህ።»

ልክ ነበሩ። ምዝገባው ሳይሰረዝ ብነዳት፣ ታርጋዋን ያነበበ ፖሊስ ሁሉ የተሰረቀች መኪና ይዞ የሚሄድ ሰው ነው የሚያየው። ከዚያ ወዲያ ማስረዳት በእንግሊዝኛ፣ እጅን ወደ ላይ አድርጎ ነው። እንደገና ደወልኩ። «ይመጣሉ» ተባልኩ። የመጡት ማታ ሦስት ሰዓት ነው። እስከዚያ ከጋሼ ጋር መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠን የተረፈውን ፍርፍር በላን፣ ለብ ያለውን ቡና በፔርሙዙ ክዳን እየተቀባበልን ጠጣን። ታክሲ ሲነዱ ሁለቴ ደርሶባቸዋል። መጀመሪያ ጊዜ ግን የሚነግራቸው አልነበረም፣ ነድተዋት ሄደው ነበር። ምን እንደገጠማቸው ጠየቅኳቸው፤ «ተወው» አሉኝ።

የከተማው መመሪያ መኪናህ ከጠፋች መጀመሪያ ደውል ይላል። እኔ መጀመሪያ በዙሪያዋ ያሉትን አራት አምስት መንገዶች በእግርህ ዙር እላለሁ። ፖሊስ የመጨረሻ ነው። ምልክት ከታች ወደ ላይ ይነበባል። ወደ ከተማ ፓርክ ስትሄዱ ባቡር ተጠቀሙ የሚሉትን ምክር ለአርቦሬተም አልቀበለውም፤ እዚያ በመኪና ይሻላል። ከዚያ ግን መኪናዋን ቤት መልሶ፣ ወደ ሜሪዲያን ሂል በአውቶቡስ መሄድ ነው። እንቅልፍ የሚወድ ሰውማ የግድ።

ቲኬቱን ተከራከርኩ። ምልክቱ በቅጠል ተሸፍኗል ብዬ ያነሣሁትን ፎቶ ላክሁ። በሁለት መስመር «አልተቀበልነውም» አሉኝ። ስንት ቀን እየተብሰለሰልኩ፣ እነዚህ ሰዎች ዓይን የላቸውም እያልኩ ሳማርር ባለቤቴ ስልኬን ተቀበለችኝ። ከዓምዶቹ ፎቶ ቀጥሎ ያለውን ከፈተችና በሁለት ጣቷ አሰፋችው። ቅጠሉ መሀል 4 ቁጥሯ ቁልጭ ብላ ትታያለች።