ከኤሲኤል ቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ኳስ ስመለስ የቀረውን የጉልበት ሕመም ያቀለልኩበት መንገድ

ኤሲኤል የሚባለው የጉልበት ጅማት ተተክቶልኝ ወደ ኳስ ስመለስ ያስቸገረኝ አዲሱ ጅማት አልነበረም። ያመኝ የነበረው ፊት ለፊት፣ ከጉልበት ሎሚ ሥር ነው፤ ደረጃ ስወርድ፣ ብዙ ተቀምጬ ስነሳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስንበረከክ። ምትኩ የተወሰደው ሎሚውን ከቅልጥም አጥንት ጋር ከሚያያይዘው ጅማት መካከል ነበር። 10 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቁራጭ ከሁለቱም ጫፍ አጥንት ይዞ ስለሚወጣ፣ እዚያው ቦታ ላይ ሕመም መቅረቱ የተለመደ ነው። ከኋላ ጭን የተወሰደለት ሰው ግን በአብዛኛው የሚቸገረው ጉልበቱን አጥብቆ ሲያጥፍና በፍጥነት ሲሮጥ ነው። ስለዚህ ምትኩ ከየት እንደተወሰደ ሐኪሙን ጠይቁ፤ የሚሠራው ሥራ ይለያያል።

መጀመሪያ ያየሁት ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ መዘርጋቱን ነው። በጀርባ ተኝቶ ሁለቱንም ተረከዝ በተጠቀለለ ፎጣ ላይ አሳርፎ ማወዳደር ይበቃል። የታከመው ከጤነኛው ትንሽ እንኳ ከፍ ካለ ሥራው ከዚያ ይጀምራል፤ የማይዘረጋ ጉልበት ሲቆምም ሲራመድም ታጥፎ ስለሚውል የፊት ጭን ጡንቻ አያርፍም፣ ሎሚውም ጭን አጥንቱ ላይ እንደተጫነ ይቆያል። እኔ ተረከዜን ፎጣው ላይ አድርጌ ጉልበቱን ከሥሩ ያለ ድጋፍ 10 ደቂቃ እተወዋለሁ፣ በቀን 3 ጊዜ። ወዲያው ደግሞ ጭኔን አጥብቄ 5 ሰከንድ መያዝ፣ 20 ጊዜ፤ ጡንቻው ካልያዘው የተገኘው መዘርጋት ማታ ላይ ይጠፋል። በትጋት ተሠርቶም መጨረሻው ላይ እንደ ሽብልቅ የሚያግድ ነገር ካለ ከአዲሱ ጅማት ፊት ያደገ ጠባሳ ሊሆን ይችላል። እሱ በልምምድ አይለቅም፤ በኤምአርአይ ይታይ።

ቀጥሎ ፈሳሽ። ከሎሚው በውስጥ ጎን በእጅ ወደ ላይ መጥረግ፣ ከዚያ በውጭ ጎን ወደ ታች መጥረግ። በውስጥ በኩል ቆዳው ሞላ ካለ ጉልበቱ ፈሳሽ ይዟል ማለት ነው፤ የዚያን ዕለት ሩጫም ዝላይም የለም። ፈሳሽ የያዘ ጉልበት የፊት ጭን ጡንቻን ስለሚያፍነው ጂም ውስጥ ቢለፉም ድካሙ ወደ ጥንካሬ አይለወጥም።

ሕመሙን በትክክል ያቀለለልኝ ጥንካሬ ነው። ጉልበቱን 60 ዲግሪ ያህል አጥፎ ሳያንቀሳቅሱ ክብደት መግፋት፣ 45 ሰከንድ፣ 5 ጊዜ፣ በየመሃሉ 2 ደቂቃ ዕረፍት። ማሽን ከሌለ ወፍራም ቀበቶ ምሰሶ ላይ አስሮ በጉልበቶቹ ጀርባ ማሳለፍና ወደ ኋላ ተደግፎ ቁጢጥ እንደማለት መቆየት ይቻላል። ሕመሙ ሲረጋ በአንድ እግር ወደሚሠራ ከባድና ቀርፋፋ ልምምድ አለፍኩ፦ ሌግ ፕረስ (ተቀምጦ ክብደት በእግር የሚገፋበት ማሽን)፣ ከ15 ከዚያም ከ20 ሴንቲ ሜትር ደረጃ ላይ መውረድ፣ 8 ጊዜ በ4 ዙር፣ ለመውረድ 4 ሰከንድ፣ በሳምንት 3 ቀን። በአንድ እግር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በሁለት እግር ሲሠራ ሰውነት ሳይታወቅ ወደ ጤነኛው ያዘነብላል፤ ክብደቱ ይጨምራል እንጂ የታከመው ጭን እንደቀጠነ ይቀራል። ስትወርዱ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ከወደቀ ከፍታውን ቀንሱ።

ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ እስከ 3 የሚደርስ ሕመም በልምምድ መሃል ችግር የለውም፤ ፍርዱ ያለው በማግሥቱ ጠዋት ነው። ያንኑ የቤት ደረጃ ወርጄ ከትናንቱ ከባሰ የዙሩን ብዛት በሲሶ እቀንሳለሁ እንጂ ልምምዱን አልተውም። ሙሉ ዕረፍት ሕመሙን ለሳምንት ያጠፋና ጡንቻውን ያደክማል፤ ስንመለስ ሕመሙ እዚያው ይጠብቀናል።

ሩጫው 1 ደቂቃ ሮጦ 2 ደቂቃ መራመድ፣ 10 ጊዜ፣ ቀን እየዘለሉ። ፍጥነትና ርቀት በአንድ ሳምንት አይጨመሩም፤ ቁልቁለት አስፋልት ሎሚውን አብዝቶ ስለሚጫን መጨረሻ ላይ ይምጣ። ግጥሚያ ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ 9 ወር ሳይሞላ አይሆንም። በ2016 የወጣ የኖርዌይ ጥናት እስከ 9 ወር ድረስ በእያንዳንዱ የዘገየ ወር ዳግም ጉዳት በ51 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል። ወሩ ብቻውን አይበቃም፤ የፊት ጭኑ ጥንካሬ ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ መድረስ አለበት። በአንድ እግር የመዝለል ርቀትን ብቻ አትመኑ፣ ዳሌና ቁርጭምጭሚት ድክመቱን ይሸፍኑለታል። ጉልበቱ ከከዳ፣ ከተቆለፈ ወይም ተጠምዝዞ በሰዓታት ውስጥ ካበጠ ግን ልምምዱን አቁሞ ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

መንበርከክ ከሁሉም ዘግይቶ የሚመለስ ነው፤ ለሚሰግድ ሰው ደግሞ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከጠባሳው ወደ ውጭ በኩል ያለው ቆዳ ሊደነዝዝ ይችላል፣ ትንሹ የቆዳ ነርቭ በቀዶ ሕክምናው ስለሚነካ ነው። ቁስሉ በደንብ ከዳነ በኋላ ጠባሳውን በቅባት 5 ደቂቃ ማሸት፤ ከዚያ አልጋ ላይ፣ በታጠፈ ጋቢ ላይ፣ ቀጥሎ ምንጣፍ ላይ መንበርከክ፣ ከ30 ሰከንድ ጀምሮ እስከ 2 ደቂቃ። አንዳንዱ ላይ ዓመታት ይቆያል፤ ሲሰግዱ ማመሙ ግን አዲሱ ጅማት ተጎድቷል ማለት አይደለም።