የጂአርኢ ጥናቴ 8ኛ ሳምንት፦ ባዶ የተውኳቸው አራት ጥያቄዎች

ጂአርኢ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት (ለማስተርስና ለፒኤችዲ) ለማመልከት የሚወሰድ ፈተና ነው። እሑድ ሙሉ ሞዴል ፈተና ሠራሁ። ቤት መብራቱ ስለማያስተማምን ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ካፌ ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ፈተናው 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ይፈጃል። የሒሳቡ ሰዓት ሲያልቅ አራት ጥያቄዎች ባዶ ነበሩ። አውቄ ነው የተውኳቸው። «ከተሳሳትክ ይቀነስብሃል» ብሎ የመከረኝ በጣም የማከብረው ሰው ነው።

ማታ የፈተናው አዘጋጅ ኢቲኤስ ስለ ነጥብ አሰጣጡ የጻፈውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ለስህተት የሚቀነስ ነገር የለም። የሚቆጠረው ያገኘኸው ብቻ ነው። አምስት ምርጫ ያለውን ጥያቄ ባዶ መተው ማለት ከአምስት አንድ ዕድልን በገዛ እጅ መጣል ነው። ስምንት ሳምንት ሙሉ እንደዚያ ሳደርግ ነበር፤ በጣም ነው የቆጨኝ።

ወሬው ከየት መጣ ብዬ ፈለግኩ። የአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና የሆነው ኤስኤቲ ድሮ አምስት ምርጫ ባለው ጥያቄ ላይ ለአንድ ስህተት ሩብ ነጥብ ይቀንስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀረ። ምክሩ ግን ከባች ወደ ባች፣ ከሀንዳውት ወደ ሀንዳውት እየተላለፈ እኛ ጋ ደረሰ።

«የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ካበላሸህ አለቀልህ» የሚባለውም እንዲሁ ነው። እስከ 2011 እ.ኤ.አ. የነበረው የኮምፒውተር ጂአርኢ መልስህን እያየ የሚቀጥለውን ጥያቄ ይመርጥልህ ነበር። ወደ ኋላ መመለስም አይቻልም ነበር። አሁን የጥያቄው ክብደት የሚቀያየረው በክፍል በክፍል ነው። ሒሳብ ሁለት ክፍል አለው፦ 12 ጥያቄ በ21 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 15 ጥያቄ በ26 ደቂቃ። በመጀመሪያው ጥሩ ከሠራህ ሁለተኛው ይከብዳል። በአንድ ክፍል ውስጥ ግን ከባዱም ቀላሉም ጥያቄ እኩል ነው የሚቆጠረው። ይሄ እኔን ቀይሮኛል። ከባዱ የበለጠ ነጥብ አለው ብዬ አንዱ ላይ አምስት ደቂቃ ሙጭጭ እል ነበር። አሁን ምልክት አድርጌበት አልፋለሁ፤ ክፍሉ ሳያልቅ እመለስበታለሁ።

አብራኝ የምታጠናው ልጅ ደግሞ ነጥቧ እንዳይወርድባት ብላ ጎበዞች የማይፈተኑበትን ወር እየጠበቀች ነበር። ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን በዚህ ብዙ ተከራከርን። ያስረዳኋት በገበያ ጣሳ ነው። የአንዷ ነጋዴ ጣሳ ትልቅ ነው፣ የሌላዋ ትንሽ። ስንት ጣሳ ገዛሽ ከማለት በኪሎ መመዘን ይሻላል። ፈተናውም ቅጂው ብዙ ነው፤ አንዱ ከሌላው ትንሽ ይከብዳል ወይም ይቀላል። ያገኘሽው ጥያቄ ብዛት ወደ ነጥብ ሲቀየር ያ ልዩነት ይታሰባል። ቅጂው ከከበደ ያንኑ ያህል ጥያቄ መልሰሽ ከፍ ያለ ነጥብ ታገኛለሽ። በዚያ ቀን አብሮሽ የተፈተነው ሰው ጉብዝና ነጥብሽን አይነካውም። መጨረሻ ላይ ተስማማች መሰለኝ፤ ቀኑን በዝግጅቷ ልትወስን ነው።

አንድ ልጅ ደግሞ «150 አገኘሁ፣ ከ170 ሲሰላ 88 በመቶ ነው» አለን። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስላደግን ሁሉንም ወደ መቶኛ እናመጣለን። ግን ልኬቱ የሚጀምረው ከዜሮ ሳይሆን ከ130 ነው። 150 የመስመሩ መሃል ላይ ነው። ከሌላው ተፈታኝ አንጻር የት እንዳለህ የሚነግርህ ከነጥቡ ጎን የሚጻፈው ፐርሰንታይል ነው። እሱም በሁለቱ ትምህርት ይለያያል፦ በእንግሊዝኛው 160 ያመጣ ሰው አብዛኛውን ተፈታኝ በልጧል፤ በሒሳቡ 160 ያመጣ ግን መሃል አካባቢ ነው። ስለዚህ የምታመለክቱበት ትምህርት የትኛውን እንደሚያይ ቀድማችሁ አጣሩ።

ድርሰቱ ለብቻው ከ0 እስከ 6 ነው የሚሰጠው፤ ገና አልነካሁትም።

የዚህ ሳምንት ዕቅዴ ቀላል ነው። በየክፍሉ የመጨረሻዋን አንድ ደቂቃ ያልመለስኩትን ለመሙላት እተዋታለሁ። ረቡዕ አንድ ክፍል፣ እሑድ ሙሉውን እሠራለሁ። ሐዋሳ ያላችሁ አብራችሁኝ መሥራት ከፈለጋችሁ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት እዚያው ካፌ ነኝ። የራሳችሁን ሰዓት መያዣ ይዛችሁ ኑ።