ከመጀመሪያው ውርጭ በፊት መኪናን ማዘጋጀት

በስቶክሆልምና በዙሪያዋ መኪና የምናሽከረክር ኢትዮጵያውያን ኦክቶበር ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ባትሪ ነው። ጠዋት መኪናው ይነሳል ወይስ አይነሳም የሚለው ስጋት ሌላውን ሁሉ ይሸፍነዋል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ሆኖም አልነሳ ያለ መኪና ሥራ ያስረፍድ እንደሆነ እንጂ ሰው አይጎዳም፣ አልቆም ያለ መኪና ግን ሕይወት ያጠፋል። በዚህ ምክንያት ዝግጅቱ ከጎማ መጀመር አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ለወዳጆቼም በየዓመቱ ይህንኑ ሳልታክት እናገራለሁ።

የስዊድን ሕግ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 ባለው ጊዜ መንገዱ በረዶ ወይም ውርጭ ካለበት የክረምት ጎማን ግዴታ ያደርጋል፤ የጎማው ጥርስም ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት እንዲኖረው ያዛል። ከዲሴምበር 2024 ወዲህ ደግሞ መንገዱን የሚቧጥጡ ትናንሽ የብረት ጉጦች ያልተተከሉበት ጎማ ከሆነ፣ ጭቃና በረዶን የሚያመለክቱት ኤም እና ኤስ የሚሉት ፊደላት ብቻቸውን አይበቁም፤ በጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት መኖር አለበት። ይህ ሁሉ ግን ዝቅተኛው መስፈርት ነው። የሙቀት መጠኑ ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድ የበጋ ጎማ ላስቲክ እየጠጠረ መንገዱን የመጨበጥ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በረዶ እስኪወርድ መጠበቅ ትርጉም የለውም። ደግሞም የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ማግስት የየጎሚስታው ወረፋ ስለሚረዝም፣ ቀጠሮ በኦክቶበር መያዝ ይሻላል።

ብዙዎቻችን ያገለገለ ጎማ እንገዛለን፤ ይህ በራሱ ችግር የለውም። ከመክፈላችሁ በፊት ግን እባካችሁ ጎንበስ ብላችሁ የጎማውን ጎን በስልካችሁ መብራት ተመልከቱ፤ በትንሽ ሞላላ ክፈፍ ውስጥ አራት አሃዞች ታገኛላችሁ። 3817 የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው በ2017 በ38ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ያልተበላ ቢመስልም እንኳ ላስቲኩ በዕድሜ ደርቆ ከሆነ በረዶ ላይ አያስተማምንም። ብረት ያለውን ወይስ የሌለውን ልግዛ ለሚለው ጥያቄ መልሱ የምትሄዱበት መንገድ ነው። ከከተማ ለማይወጣ ሰው ብረት የሌለው፣ ለሰሜኑ አየር የተሠራው ለስላሳ ጎማ ይበቃል፤ ብረት ያለው ጎማ ከ2010 ጀምሮ በሆርንስጋታን ጎዳና የተከለከለ መሆኑንም አትርሱ። ጎህ ሳይቀድ ጨው ባልተነሰነሰበት የገጠር መንገድ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ግን ብረት ያለውን ቢመርጥ እመክራለሁ። ምርጫው የትኛውም ይሁን፣ አራቱም ጎማዎች አንድ ዓይነት ይሁኑ፤ የፊቱ ጨብጦ የኋላው ሲንሸራተት መኪናው መንገድ ላይ ይሽከረከራልና። ጎማው ከተቀየረ በኋላም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ ብሎኖቹ እንደገና መጥበቅ ይኖርባቸዋል። የጎማ አየርም ብርዱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር 0.1 ባር ያህል ስለሚቀንስ፣ በመስከረም የተለካው ለዲሴምበር አይሠራም።

ቀጥሎ የሚያሳስበኝ ማየትና መታየት ነው። በኢ4 አውራ ጎዳና ወደ ኡፕሳላ ስትጓዙ፣ ከፊታችሁ ያለው ከባድ መኪና ጨው የቀላቀለ የበረዶ ጭቃ ይረጭና መስታወታችሁን በአንድ ጊዜ ግራጫ ያደርገዋል፤ መጥረጊያው ብቻውን ጭቃውን ይለቀልቀዋል እንጂ አያጠራውም። በዚያች ቅጽበት የሚያድናችሁ የማጠቢያው ፈሳሽ ነው፤ እሱም በበጋ የተሞላ ተራ ውሃ ከሆነ ቱቦው ውስጥ ረግቶ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ የበጋውን ጨርሳችሁ የማይረጋውን ሙሉ፤ አንድ ጋሎንም ትርፍ ያዙ። መብራትን በተመለከተ፣ በብዙ አዳዲስ መኪኖች በቀን በራሱ የሚበራው የፊቱ ብቻ ስለሆነ፣ በረዶ በሚበንንበት ጊዜ ከኋላ የሚመጣው አሽከርካሪ አያያችሁም፤ ማብሪያውን በእጃችሁ አዙሩት። ጣሪያው ላይ የተከመረውን በረዶም ሳትጠርጉ አትነሱ፤ ፍሬን ስትይዙ ተንሸራቶ የፊት መስታወቱን ሊሸፍን ይችላል።

ወደ ባትሪው ስመጣ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ የባትሪ አቅም ወደ ግማሽ ስለሚወርድ፣ ብዙ ዓመት ያገለገለውን ቀድሞ ጋራዥ ወስዶ ማስለካት ነው። የራዲያተሩ አንቱፍሪዝም፣ ማለትም ውሃው እንዳይረጋ የሚያደርገው ፈሳሽ፣ ስንት ዲግሪ ብርድ እንደሚቋቋም በዚያው ይለካላችሁ። የሞተር ማሞቂያ ያለው ሰው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ከመነሳቱ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ቢሰካው ይበቃዋል። የበሩን ዙሪያ ላስቲክ ሲሊኮን ቀቡት፤ ካልሆነ በረዶ ይዞት ስትስቡ ይቀደዳል። የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አካፋ፣ የመጎተቻ ገመድ፣ ብርድ ልብስና አንጸባራቂ ሰደርያ ይኑር። በረዶ ውስጥ ተቀርቅራችሁ ለማሞቂያ ሞተር የምታስነሱ ከሆነ አስቀድማችሁ የጭስ ማውጫውን ዙሪያ ጥረጉ፤ ከተደፈነ መርዛማው ጭስ ወደ ውስጥ ይገባል።

የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚህ ነዋሪ ሆኖ ከተመዘገቡ ከአንድ ዓመት በኋላ ስለማያገለግል፣ አብዛኞቻችን በአዲስ ተፈትነን ሃልክባና በሚባለው የሚያንሸራትት መለማመጃ ሜዳ የተንሸራታች መንገድ ሥልጠና አልፈናል። ይሁን እንጂ ያ ሥልጠና በሌላ መኪናና በሌላ ጎማ የተሰጠ ነው። የመጀመሪያው በረዶ በጣለበት ጠዋት ሰውም መኪናም የሌለበት ሜዳ ፈልጉና፣ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየነዳችሁ ፍሬኑን አጥብቃችሁ ርገጡ፤ ቀጥሎም በ40 ሞክሩት። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር መኪናው ለመቆም የሚፈጅበት ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን ዓይናችሁ ያየዋል። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ሲንቀጠቀጥ ኤቢኤሱ፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሥርዓት፣ እየሠራ ነውና፣ መኪናው እስኪቆም ድረስ እግራችሁን አታንሱ።