ሁለት «ዴት» በአንድ ፋይል፦ ከጃቫ ኢምፖርት ጋር ያሳለፍኩት ሰሞን

ጃቫ የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ እየተማርኩ ነው። ለመለማመጃ የያዝኩት የእድር መዋጮ መመዝገቢያ ፕሮግራም ዳታቤዝ ላይ ደርሷል። እዚህ ደረጃ የደረሰ ሁሉ አንድ ነገር ያጋጥመዋል፤ ጃቫ ውስጥ «ዴት» (ቀን) የሚባለው ክላስ፣ ማለትም የዳታ ዓይነት መግለጫ፣ ሁለት ነው። አንዱ ጃቫ.ዩቲል፣ ሌላው ጃቫ.ኤስኪውኤል ፓኬጅ (የክላሶች ስብስብ) ውስጥ አለ። ሁለቱንም ፓኬጆች በኮከብ (*)፣ ማለትም ክላሶቻቸውን ሁሉ በአንድ መስመር፣ ኢምፖርት አድርጋችሁ (አስገብታችሁ) «ዴት» ብላችሁ ስትጽፉ፣ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ኮምፒውተር ወደሚያሠራው መልክ የሚተረጉመው) የትኛውን እንደሆነ መለየት አይችልምና ይቆማል። ልብ በሉ፣ የሚቆመው ስሙን የተጠቀማችሁበት መስመር ላይ ነው። ሁለቱ የኮከብ መስመሮች ብቻቸውን ምንም ኤረር አያመጡም።

ለምን እንደዚህ እንደሆነ ስከታተል ነው ነገሩ የገባኝ። ኢምፖርት ከሌላ ቦታ ኮድ አምጥቶ ፋይላችን ውስጥ አይጨምርም። የሚሠራው ረጅሙን ስም በአጭሩ እንድንጠራ መፍቀድ ብቻ ነው። ባይትኮዱ (ኮምፓይለሩ የሚያወጣው ትርጉም) ሲወጣ አጭር ስም አይኖርም፤ እያንዳንዱ ክላስ ከነፓኬጁ በሙሉ ስሙ ይጻፋል። ስለዚህ ክላሶቹ ራሳቸው አይጋጩም፣ የሚጋጨው አጭር መጠሪያቸው ነው። ሰላማዊት የሚባሉ ሁለት ልጆች አንድ ክፍል ሲገቡ መምህሯ የአባት ስም ጨምራ እንደምትጠራቸው ነው፤ ልዩነቱ ጃቫ ከአያት ጀምሮ ወደ ልጅ መውረዱ ነው።

መፍትሔው ከዚህ ይመነጫል። ደጋግማችሁ የምትጠቀሙበትን ክላስ በስሙ ጠርታችሁ ኢምፖርት አድርጉ፤ ሌላውን በሚያስፈልግበት መስመር ላይ በሙሉ ስሙ ጻፉት። በስም የተጠራ ኢምፖርት ከኮከብ ይቀድማል። ሁለቱንም «ዴት» በስም ኢምፖርት ማድረግ ግን አይቻልም፤ ባትጠቀሙባቸው እንኳ ኮምፓይለሩ አይቀበልም። ፓይተን፣ ኮትሊን፣ ሲ ሻርፕና ፒኤችፒ ኢምፖርት ሲደረግ ሌላ መጠሪያ መስጠት ይፈቅዳሉ፣ ጃቫ አይፈቅድም። ብዙዎች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል። እኔ ግን ሙሉ ስሙ መስመሩ ላይ ሲታይ፣ ኮዱን በኋላ የሚያነበው ሰው ወደ ላይ ወጥቶ ኢምፖርቶቹን መፈተሽ ስለማያስፈልገው እወደዋለሁ።

ኮምፓይለሩ የሚጮህበት ግጭት ቀላሉ ነው። የሚያሳስበኝ ዝም የሚለው ነው። የራሳችሁ ፓኬጅ ውስጥ «ሊስት» የሚባል ክላስ ካለ፣ ጃቫ.ዩቲልን በኮከብ ብታስገቡም «ሊስት» ስትሉ የሚመጣው የራሳችሁ ነው፤ የፓኬጁ ነዋሪ ከኮከብ ስለሚቀድም አሻሚ ነው የሚል ኤረር አይወጣም። የሚወጣ ኤረር ካለም ሌላ መስመር ላይ ስለ ዓይነት አለመጣጣም የሚያወራ ስለሚሆን ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ ይወስዳል። ቅደም ተከተሉን ማስታወሻዬ ላይ እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ መጀመሪያ በስም የተጠራው፣ ቀጥሎ የራስ ፓኬጅ፣ በመጨረሻ ኮከብ።

ኮከብ ሌላም ችግር አለበት፤ ነገ በሌላ ሰው እጅ ይሰፋል። እስከ እ.ኤ.አ. 1998 ድረስ ጃቫ ውስጥ የነበረው «ሊስት» የጃቫ.ኤደብልዩቲ ብቻ ነበር፤ ለመስኮት ሥራ የሚያገለግለው ማለት ነው። በዚያ ዓመት ጄዲኬ 1.2 (የጃቫ መሥሪያው ስሪት) ሲወጣ ጃቫ.ዩቲል ውስጥም «ሊስት» ተጨመረ። ሁለቱንም ፓኬጆች በኮከብ ያስገባና በዚህ ስም ይጠቀም የነበረ ኮድ አንድ ፊደል ሳይነካ ኮምፓይል መሆን አቃተው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ጃቫ 16 «ሪከርድ» ጃቫ.ላንግ ውስጥ በይፋ ሲጸናም ተመሳሳይ ነገር ነው። ጃቫ.ላንግ ሳንጠራው የሚገባ ፓኬጅ ስለሆነ፣ «ሪከርድ» የሚል የራሱን ክላስ ከሌላ ፓኬጅ በኮከብ የሚያስገባ ሰው አሻሚ ነው ይባላል። ለመዋጮ መዝገብ ደግሞ ከ«ሪከርድ» የቀረበ ስም የለም! ክላሱን በስሙ ኢምፖርት ማድረግ ያስተካክለዋል። ኢንቴሊጄ የሚባለውን የኮድ መጻፊያ የምትጠቀሙ ደግሞ ይህን እወቁ፤ ሴቲንጉ ካልተቀየረ፣ ከአንድ ፓኬጅ የምታስገቧቸው ክላሶች 5 ሲደርሱ ራሱ ወደ ኮከብ ይጠቀልላቸዋል። ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ወደ ሁለቱ «ዴት» ልመለስ፤ እዚህ የስሙ ግጭት ተፈትቶም ጉዳዩ አያልቅም። የኤስኪውኤሉ የዩቲሉ ልጅ ክላስ ነው፤ ከእሱ ይወርሳል። ስለዚህ ከዳታቤዝ የመጣውን በዩቲሉ ዓይነት ተለዋዋጭ ውስጥ ብታስቀምጡት ኮምፓይለሩ ምንም አይልም። ግን ሰዓት የሌለው ቀን ብቻ ስለሆነ «ቱኢንስታንት» የሚለውን ሜተድ (ወደ ሰዓት ቅጽበት የሚቀይረውን ትእዛዝ) ስትጠሩበት ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ኤክሴፕሽን (ስህተት) ይጥላል። አንዱን በሙሉ ስሙ መጻፍ ኮምፓይለሩን ያስማማል፤ ይህን ግን አይከላከልም።

በዚህ ምክንያት ፕሮግራሜ ውስጥ ሁለቱንም ትቼ ጃቫ 8 ይዞት ወደመጣው ጃቫ.ታይም ሄጃለሁ። የመዋጮ ቀን ሰዓት አያስፈልገውም፣ ስለዚህ «ሎካልዴት» ይበቃዋል፤ ጄዲቢሲ 4.2ን (ጃቫ ከዳታቤዝ ጋር የሚገናኝበትን ደንብ) የሚደግፉ ድራይቨሮችም (አገናኝ ፕሮግራሞችም) ከዳታቤዝ በቀጥታ በዚሁ ዓይነት ያመጡታል። የሚጋጭ ስም አልቀረም፣ የኢምፖርት መስመሮቹም አጠሩ።

ቀጥዬ የምሞክረው እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣውን ጃቫ 25 ነው። ሞጁልን (የፓኬጆች ስብስብን) በሙሉ በአንድ መስመር ኢምፖርት ማድረግ ፈቅዷል። የቤዝንና የኤስኪውኤልን ሞጁሎች አብራችሁ ካስገባችሁ ያው «ዴት» እንደገና አሻሚ ይሆናል፣ መፍትሔውም ያው ነው፤ የምትፈልጉትን በስሙ ጥሩት።